ከባሕር የመጣችው ዳኛ

ዛፍ የሚቆርጥ ወንጀለኛ አለ፤ ዛፍ ነቅሎ የሚጥልም አይጠፋም። የዛፉን ሥር ቆፍሮ ሲያበቃ ሥሮቹን በእርጥብ ጆንያ ሸፋፍኖ፣ ውኃ አጠጥቶ የሄደ ወንጀለኛ ግን ኢንስፔክተር እንደሻው በሥራ ዘመኑ ሁሉ አጋጥሞት አያውቅም። ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ጆንያውን በጣቱ ነካ አደረገው። ገና አልደረቀም።

«ምን ታየህ?» አለችው ሳጅን ሃና። ሃና የሦስት ልጆች እናት፣ ሐረር ተወልዳ ሐረር ያደገች ናት፤ በማዕረግ ብታንሰውም በዕድሜ ስለምትበልጠው «አንተ» ትለዋለች።

«ሌባው ለዛፉ አዝኗል።»

«እንደሱ ብለህ ሪፖርት ጻፍና ኮማንደሩ ደግሞ ላንተ ያዝንልሃል።»

ግቢው ጀጎል ውስጥ፣ ከፈላና በር ገባ እንዳሉ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መንገድ ላይ ነው። መሀሉ ላይ የቆመው ሽማግሌ የሮማን ዛፍ ዛሬ ጋደል ብሏል። አጠገቡ አሸዋና ሲሚንቶ፣ ባንዲራ የለበሰ የእብነ በረድ ድንጋይ፣ እንዲሁም ንዴቱ ገና ያልበረደለት አቶ ሳሙኤል ነበሩ። አቶ ሳሙኤል በሰፈሩ ኮሚቴ ሲቋቋም ሊቀ መንበር ሆኖ የማይመረጥበት ጊዜ የለም።

«የተሰረቀው እትብት ነው፤ እንዲህ ተብሎ ይመዝገብልኝ» አለ።

ሃና ሳቋን ለመዋጥ ፊቷን አዞረች።

ነገሩ ግን ለሳቅ ብቻ የሚሆን አልነበረም። የዚህ ቤት ልጅ ዳኛ ዕፀገነት ታደሰ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት እንዲሆኑ ከታጩት ሰዎች አንዷ ናቸው። እጩነታቸው በተሰማ ሰሞን ሰለሞን የሚባል የሐረር ጠበቃ «ኢትዮጵያዊ ያልሆነ ሰው የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ሊሆን አይችልም፤ የእኚህ ሴት ዜግነት ይጣራ» ብሎ አቤቱታ አስገባ። የቀረውን ፌስቡክ ጨመረበት። ዳኛዋ ባሕር ማዶ ነው የተወለዱት፣ በጅቡቲ በኩል ነው የገቡት ተባለ። ሰፈሩ ይህን ሲሰማ አበደ። እትብቷ በእናቷ በእማማ ገላነሽ ሮማን ሥር ተቀብሮ እንዴት ትታማለች ብሎ ተነሣ። አቶ ሳሙኤልም ኮሚቴውን ሰብስቦ «ዕፀገነት ታደሰ እትብቷ እዚህ ተቀበረ» የሚል ድንጋይ አስቀረጸ። «ዳኛ» የሚለው ማዕረግ ቦታ አጥሮት መቅረቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል። ይህንኑ ሊተክል በማለዳ ሲመጣ ጉድጓድ ቀድሞት ጠበቀው።

«ማን ይመስልዎታል?» አለው እንደሻው።

«ማን ይሆናል፤ ሰለሞን ነዋ። ማስረጃችንን ሊያጠፋ።»

«የቤቱ ባለቤትስ ምን አሉ?»

«እማማ ገላነሽማ ደንግጠዋል መሰለኝ። ተዉት ልጆቼ፣ ምንም አልጠፋም ነው የሚሉት። ድንጋዩንም ከመጀመሪያው ይቅርብኝ ሲሉ ነበር። ትሕትና ነው።»

እንደሻው ወደ ግቢው በር ሄደ። መወርወሪያው ከውስጥ የሚዘጋ ነው፤ የተገነጠለም የተፋቀም ነገር የለበትም። ግንቡም ላይ ሰው የወጣበት ምልክት አላየም። ሲመለስ ሃና ከተቆለለው አፈር ውስጥ ከጤፍ ከፍ፣ ከስንዴ ዝቅ የምትል ቀይ ዶቃ አንሥታ በመዳፏ ታገላብጥ ነበር።

«ምንድን ናት?»

«ዶቃ። ስንት ሴት ያለፈበት ግቢ ነው» አለችና በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችው።

እማማ ገላነሽ ውስጥ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የግድግዳ ጎረቤታቸው እማማ ሩቂያ አሉ። ሁለቱም ሰማንያን ተሻግረዋል። አንዷ በነጠላ፣ አንዷ በብርቱካናማ ሻሽ ተከናንበው፣ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው እንግዳውን አዩት።

«አገርህ የት ነው?» አሉት እማማ ሩቂያ።

«ጎጃም ነው፣ እናቴ። ሐረር ግን ቆየሁ፤ ልጆቼም እዚሁ ነው የተወለዱት።»

«ማሻአላህ። ልጆችህ የአገር ልጆች ናቸው። አንተ ግን ገና እንግዳ ነህ።»

እንደሻው ይህን ስንት ጊዜ ሰምቶታል፤ ፈገግ ብሎ አለፈው። ወደ እማማ ገላነሽ ዞሮ ጎንበስ አለ። «እማማ፣ ሌሊት ምንም ኮሽ ሲል አልሰሙም?»

«ጆሮዬ ደክሟል ልጄ።»

«በሩ ከውስጥ ነበር የተዘጋው። ጠዋት ማን ከፈተው?»

«እኔው ከፈትኩት። ሰዒድ ከባር ዳቦ ሊያመጣልኝ ሲወጣ ጊዜ…»

«ከባሕር?» አለ እንደሻው ግራ ገብቶት። «የምን ባሕር?»

ሃና ሳቀች። «ከበር ነው የሚሉህ፤ ከፈላና በር። የፊት ጥርሳቸው ከወለቀ ወዲህ ቃሉ ይረዝምባቸዋል። አንተም ጆሮህ የእንግዳ ነው።»

እማማ ሩቂያን በዚህ መሀል ሳል ያዛቸው። ሰዒድ የእሳቸው ልጅ ነው፤ ጎረቤት ነው። ጎረቤት በማለዳ ሲመጣ ይገባል እንጂ እንዴት ይወጣል? እንደሻው ይህችን በልቡ ያዛት። የእማማ ገላነሽ ቀሚስ ጫፍ ላይ የደረቀውን ጭቃም አየ። የሰማንያ ዓመት ሴት ግን ሌሊት ዶማ አታነሣም፤ ስለዚህ ጥርጣሬውን ለጊዜው አቆየው።

ሰለሞን ጣቢያ ነበር። ሰፈሩ በድንጋይ እንዳይቀበለው «ነገሩ እስኪጣራ እዚሁ ቆይ» ብለውታል። ጠበቃና መርማሪ ፍርድ ቤት በር ላይ ሲጋፉ የኖሩ ናቸውና ሰላምታቸው አጭር ነበር።

«ሌሊቱን የት ነበርክ?»

«ሆስፒታል። እናቴ ከተኛች ሰነባብታለች። ነርሶቹን ጠይቅ፤ አስታማሚ ወንበር ላይ ስተኛ አጠገቤ ያለፉት እነሱ ናቸው። አሁንም ሾርባዋን የሚያጎርሳት የለም።»

እንደሻው ሆስፒታል ደወለ። ነርሷ ስሙን ሳይጨርስ «እሱማ ከእናቱ አልጋ መቼ ተለይቶ» አለችው። ስልኩን ዘጋና ለሰለሞን እናት ሾርባ የሚያደርስ ሰው እንድትልክ ሃናን ለመናት።

«እንግዲህ ልጠይቅህ» አለ ተመልሶ። «ዳኛዋ እዚህ ተወለዱ፣ ጅቡቲ ተወለዱ፣ ምን አገባህ?»

«ምንም። ሰፈሩ ነው እትብት እትብት የሚለው። ሕጉ እትብት አያውቅም። የት ተወለድክ አይልህም፤ ከማን ተወለድክ ነው የሚልህ። እናቱ ወይም አባቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ጨረቃ ላይም ቢወለድ ኢትዮጵያዊ ነው።»

«ታዲያ የእሳቸው እናት እማማ ገላነሽ ናቸው።»

ሰለሞን አንገቱን ደፋ። «ክፉ ሰው አይደለሁም፣ እንደሻው። ባለፈው ክረምት እማማ ገላነሽ ከእናቴ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ ነበሩ። ትኩሳት ይዟቸው ሲቃዡ ሰማኋቸው። ልጄ ከባሕር መጣችልኝ፣ ከባሕር ነው ያመጣችልኝ ይሉ ነበር። ወልደዋታል ማለት አይደለም። ከባሕር ማዶ የመጣች፣ ወላጆቿ የማይታወቁ ልጅ ናት ማለት ነው። ይሄንን አውቄ ዝም ብል ለምን ጠበቃ ሆንኩ?»

«ፌስቡክ ላይ የጻፍከው አንተ ነህ?»

«እኔ የጻፍኩት አቤቱታ ነው። ፌስቡኩን ሰው ነው የጻፈው።»

ከሰዓት በኋላ እንደሻውና ሃና ከከተማ ወጣ ብላ ወዳለችው ሶፊ ወረዱ። ሰዒድ እዚያ ጫትና ማንጎ ያለበት ማሳ አለው፤ ማለዳ አንድ ነገር በጋቢ ሸፍኖ ባጃጅ ሲሳፈር የዳቦ ነጋዴዋ አይታዋለች። ከማንጎው ጥላ ሥር አገኙት። ሥልሳ የደረሰ፣ ጺሙን በሂና ያቀላ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። መዳፉ ውኃ ቋጥሯል። ዶማው ዛፉ ላይ ተደግፏል፤ የሶፊ አፈር ቀይ ሆኖ ሳለ ዶማው ላይ የደረቀው ግን አመድና ከሰል የተቀላቀለበት ጥቁር የግቢ አፈር ነበር።

«አንተ ነህ የቆፈርከው» አለው እንደሻው።

ሰዒድ አልካደም፤ አላመነምም። «ኢንስፔክተር፣ ቁጭ በል፤ ማንጎ ልስጥህ። የጠየቅከኝን ግን አልነግርህም።»

«በዚህ ነገር ሰው ታስሯል።»

ሰዒድ ይህን አልሰማም ነበር፤ ደነገጠ። «ወላሂ ሰው ይታሰራል አላልንም። የያዝኩት ግን አማና ነው። አደራ ማለት ነው፣ ታውቀዋለህ። አደራ የሰጡኝ እናቶች አሉ፤ እነሱን ጠይቃቸው። ቀስ ብለህ ጠይቃቸው ግን።»

ከማንጎው ግንድ አጠገብ፣ በነጭ ነጠላ የተሸፈነ ክዳን ያለው ሙዳይ ተቀምጧል። እንደሻው ሊያነሣው እጁን ዘረጋ። ሃና ክንዱን ያዘችው።

«ተወው» አለች። «ና እንሂድ።»

መኪና ውስጥ ሃና ወደ እሱ ዞረች። «የእህቴ ልጅ ወለደች ብዬህ አልነበር? ትናንት ሄጄ አቅፌው ነበር። እጁ ላይ ያቺን የመሰለ ዶቃ በክር አስረውለታል፤ ለቡዳ። አሁን ሙዳዩን ሳየው ነው የመጣልኝ። እንደሻው፣ ዶቃ ለእትብት አይታሰርም። ለሕፃን እጅ ነው የሚታሰር።»

እንደሻው መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። እስከ አሁን ድረስ የተሰረቀውን ነገር ሲፈልግ ነበር። በዚያ ዛፍ ሥር ግን እቃ አልነበረም፤ ሰው ነበር።

ሁለቱ አሮጊቶች ጠዋት እንደተዋቸው ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ተቀምጠዋል። እንደሻው ወንበር አልፈለገም፤ እግራቸው ሥር በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ዶቃዋን በመሐረቡ ላይ አድርጎ ፊታቸው ዘረጋ።

እማማ ገላነሽ አዩዋት።

«ቆጥሬያቸው ነበር» አሉ። «አንዷ ጎደለችብኝ።»

ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም አላቆሙም። ባላቸው ታደሰ ወታደር ነበር፤ ኦጋዴን በዘመተበት ጊዜ ሴት ልጅ ወለዱ። ዕፀገነት ብለው ጠሯት። ክርስትና የምትነሣበት ሰማንያ ቀን ሳይደርስ ታመመችና ሞተች። ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይቀበርም። እናም እሳቸውና ሩቂያ እዚያው ግቢ፣ እትብቷ ከተቀበረበት ጎን አሳረፏትና ሮማን ተከሉባት።

«ጡቷ ወተት ሞልቶ እንደ ድንጋይ ሆኖባት ነበር» አሉ እማማ ሩቂያ ቀበል አድርገው። «ስትጮህ በግድግዳው ይሰማኛል። ለሱብሒ ሶላት ተነሥቼ ወደ ፈላና በር ስወጣ ከግንቡ ሥር የሚያለቅስ ሰማሁ። በጨርቅ የተጠቀለለች፣ ገና እትብቷ ያልደረቀ። ያ ረቢ አልኩ። እናቷን ሰፈር ለሰፈር አፈላለግሁ፤ የለችም። ወስጄ እዚህች ደረት ላይ አደረግኋት። ጠባች። የዚያን ለት ሁለቱም ዝም አሉ።»

«ስሟንም ሰጠኋት» አሉ እማማ ገላነሽ። «ያለኝ ስም እሱ ነበር።»

«ትኩሳት ሲይዛት ከዚያ ሌላ የምታወራው የላት። ከበር መጣችልኝ፣ ከበር ነው ሩቂያ ያመጣችልኝ ትላለች።»

እንደሻውና ሃና ተያዩ። «ከበር» አለ እንደሻው በዝግታ። ሙሉ ከተማ የታመሰው፣ ዳኛይቱ በመርከብ ተጭነው የተሻገሩት፣ በአንዲት አሮጊት የወለቀ ጥርስ ነበር።

«ሳሙኤል መሠረት ልቆፍር፣ ሲሚንቶ ላፍስባት አለ» አሉ እማማ ገላነሽ። «አጥንት ቢያወጣስ? ይቺ ማን ናት ይባላል። ቀጥሎ ያቺኛዋስ ማን ናት ይባላል። ለካ አጥንትም የላት፤ አፈር ሆናለች። አፈሯን ከነዶቃዎቿ በሙዳይ አድርጌ ለሰዒድ ሰጠሁት። ጉድጓዱን ሳንደፍነው ነጋብን።»

«ለልጅዎ ለምን አልነገሯትም?»

«ምን ብዬ? እናትሽ አይደለሁም ብዬ? ይኸው አገርሽ አይደለም እያሏት ነው። እናትም አገርም ባንድ ቀን ልቀማት?» ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። «አደራ ልጄ። ማወቋ ካልቀረ መጀመሪያ ከእኔ ትስማ። ዛሬ ሳይመሽ ትደርሳለች፤ በድሬዳዋ በኩል እየመጣች ነው።»

እንደሻው የገዛ እናቱ ደብረ ማርቆስ ናቸው። ካያቸው ቆይቷል። እንባው ሳይቀድመው ተነሣና ወጣ።

ጣቢያ ሲደርስ ለኮማንደሩ የጻፈው አጭር ነበር፦ «ግቢው የተቆፈረው በባለቤቷ ፈቃድ ነው። ሰው በገዛ ግቢው መቆፈሩ ወንጀል አይደለም። የተሰረቀ ነገር የለም።» ከዚያ ሰለሞንን አስጠራው።

«ልትሄድ ነው። በፊት ግን የሕግ ጥያቄ አለኝ። ተጥሎ የተገኘ ሕፃን፣ እናት አባቱ የማይታወቅ፣ ዜግነቱ ምንድን ነው?»

ሰለሞን የሕግ ጥያቄ ሲሰማ ድካሙ ለቀቀው። «የት ነው የተገኘ?»

«ለውጥ ያመጣል?»

«ለውጥ የሚያመጣው እሱ ብቻ ነው። ባሕር ማዶ የተገኘ ከሆነ እሱን አላውቅም። ኢትዮጵያ ውስጥ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን ግን የውጭ ዜግነት እንዳለው እስካልተረጋገጠ ድረስ ከኢትዮጵያዊ ወላጅ እንደተወለደ ይቆጠራል። ሕጉ ሜዳ ላይ አይጥለውም፤ ወላጅ ይሰጠዋል። ግን ለምን…» አለና ቆመ። ዓይኑ እንደሻው ላይ ቀረ። ከንፈሩ ያለ ድምፅ አንድ ቃል ሞከረ፣ ደግሞም ሞከረ።

«እማማ ገላነሽ ቃል ያስረዝማሉ» አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ እንደሚያወራ።

«እኔ የሰዋስው አስተማሪ አይደለሁም» አለው እንደሻው። «እናትህ ጋ ሂድ። ሾርባዋን ጠጥታለች።»

ሰለሞን በሩ ጋ ሲደርስ ዘወር አለ። «አቤቱታውን አነሣለሁ።»

«አትቸኩል። የሚናገረው ባለቤቱ ይናገር።»

ፀሐይ ግንቡን ስትሻገር ዳኛ ዕፀገነት ደረሱ። ጠጉራቸው የሸበተ፣ ትከሻቸው ቀጥ ያለ ሴት ናቸው። ከመኪና ወርደው ግቢ ሲገቡ መጀመሪያ ያዩት እናታቸውን አልነበረም፤ ሮማኑን ነው። ጆንያው ሥር እጃቸውን ከትተው እርጥበቱን ዳሰሱ። ከዚያ ገብተው እናታቸው እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። እንደሻው ሊወጣ ሲል እማማ ገላነሽ «ተቀመጥ፤ ብቻዬን አልችልም» አሉት።

«የእኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። ከነገርኩሽ በኋላ ግን…»

«እማዬ፣ አውቃለሁ። አባዬ ነግሮኛል።»

«ታደሰ? ታደሰማ አያውቅም። ሳያውቅ ነው የሞተው።»

«ያውቅ ነበር። ከዘመቻ በተመለሰ ሰሞን አንድ ሌሊት ከሮማኑ ጋር ስታወሪ ሰማሽ። ሊሞት ሲል ጠርቶ ነገረኝና፣ እናትሽ ራሷ እስክትነግርሽ ጠብቂ አለኝ። ጠበቅሁ።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን?»

«አንቺስ?»

እማማ ገላነሽ የልጃቸውን ሽበት በሁለት እጃቸው ያዙት። እማማ ሩቂያ «አልሃምዱሊላህ» እያሉ ፊታቸውን በሻሻቸው አበሱ።

«አገርሽን እንዳይነጥቁሽ ብዬ ነው» አሉ እማማ ገላነሽ።

«ማንም አይነጥቀኝም። የሕግ ተማሪ ሆኜ መጀመሪያ የፈለግሁት ተጥለው ስለሚገኙ ልጆች ነው። ሕጉ ከኢትዮጵያዊ ወላጅ እንደተወለደች ትቆጠራለች ባይ ነው። አንብቤ ሳበቃ ሳቄ መጣ። እኔ ‹ትቆጠራለች› የሚለው አያስፈልገኝም፣ እናቴን አውቃታለሁ አልኩ።»

«እንግዲህ ለሰዎቹ ምን ልትያቸው ነው?»

«እውነቱን። ፈላና በር ተጥላ የተገኘች ነኝ፣ ያገኘችኝም በሕይወት አለች፣ ስሟ ሩቂያ ነው እላቸዋለሁ። ቢያሹ ይምረጡኝ፣ ባያሹ ይተዉኝ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ከባሕር ሲል ከርሞ ከበር ቢል ምን አለበት።»

እማማ ገላነሽ ከእንባቸው መሀል ሳቁ፤ ጥርስ አልባው ድዳቸው ታየ።

ሰዒድ ከሶፊ ሙዳዩን ይዞ ተመለሰ። ዳኛይቱ ተቀብለው ወደ ደረታቸው አስጠጉት፣ ሕፃን እንደሚታቀፈው። «እህቴ» አሉ። ወደ ጉድጓዱ ራሳቸው አወረዱት። እንደሻው ያቺን የቀረችውን ዶቃ ከመሐረቡ አውጥቶ ለእማማ ገላነሽ ሰጠ፤ እሳቸውም ከላይ ጣሏት። ከዚያ እሱና ሰዒድ ዶማና አካፋ ተቀባብለው አፈሩን መለሱ፣ ሮማኑንም ቀና አደረጉት።

አቶ ሳሙኤል በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ምኑም አልገባውም። ለአክብሮት ያህል ኮፍያውን አውልቋል።

«ክብርት ዳኛ፣ ድንጋዩን ልውሰደው? እማማም አልወደዱትም። ለነገሩ ጽሑፉም ጎደሎ ነው።»

ዳኛ ዕፀገነት ባንዲራውን ገለጥ አድርገው አነበቡ። ዕፀገነት ታደሰ እትብቷ እዚህ ተቀበረ። እናታቸውን አዩ። እማማ ገላነሽ ድንጋዩ ላይ ያለውን ስም በጣታቸው ከፊደል ፊደል ዳሰሱና ራሳቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ።

«እዚሁ ይቀመጥ» አሉ ዳኛይቱ።

«እንግዲያው ‹ዳኛ› የሚለውን ከላይ በቀለም ልጨምርበት?»

«አይ አቶ ሳሙኤል። እንዲሁ ትክክል ነው።»